የልጄን የቤንዚን ቋት ሳጥብ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1946 ዓ.ም.

ሦስቱ አብረው ሲመጡ አወቅሁት። አያ መርሻ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ከንስሐ አባቴ ጋር በአጥር ድንበር ተጣልተው ሰላምታ ከተለዋወጡ ከርመዋል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው አንድ የማላውቀው ሾፌር የፈንታሁንን ቦርሳ በሁለት እጁ ታቅፏል። ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኽሁ።

ልጄ ፈንታሁን ሞቷል። የነጋዴ ጭነት ማኪና ይዞ ሙጫ ሊጭን መተማ ቆላ ወርዶ ነበር። መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን የወባ ንዳድ ገደለው። እዚያው ቀብረውታል። እኔ ያን ቀን ምን ስሠራ እንደዋልሁ አስባለሁ፣ ትዝ አይለኝም። በርበሬ አስጥቼ ይሆናል።

«ቆላው ሙቀት ነው፣ ሬሳ አያሳድርም» አለ ሾፌሩ። ክፉ አላሰበም። እኔ ግን ስለ በግ ሥጋ የሚናገር መሰለኝ፤ አስጠላኝ።

ፊቴን ነጨሁ። ሴት ልጄ አሰገደች ጠጕሬን በመቀስ ቆረጠችልኝ። አሁን ሰዉ ምሳ ቀርቦለት ይበላል፤ እኔ ጓዳ ገብቼ እጽፋለሁ። አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ዳዊት እንድደግም ነበር። አንዷ መስመር እስክታልቅ ጣቴ ይደነዝዛል። ከውጭ ሲያኝኩ ይሰማኛል። እንዴት ያኝካሉ?

ሐሙስ፣ ገብርኤል

የዛሬዎቹ ለቅሶ ደራሾች። አንዷ የሚያንጠባጥብ ቅቤ ተቀብታ መጥታ ጉንጬ ላይ ተጣበቀችብኝ። አንዷ «ሲሞት ይለፈልፍ ነበር ወይ?» ብላ ሾፌሩን በሹክሹክታ ጠየቀችው። አንዱ እንጀራ ጎርሶ «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ፤ ፍርፋሪው ነጠላዬ ላይ ወደቀ። ሁሉንም ጠላኋቸው። ባይመጡ ደግሞ እንዴት አልመጡም ብዬ እጠላቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አያ መርሻ አጠገቤ ተቀመጠ። አርባው በባለወልድ፣ እሑድ ይውላል። ዘመድ ከደምቢያም ከእንፍራንዝም ይመጣል፤ ትልቁ ለቅሶ ሜዳ ላይ ይሆናል።

«የወንድ ለቅሶ ነው። ፈረስ ተጭኖ ይወጣል። የደምቢያ ዘመዳችን ሸጋ ግራጫ ፈረስ አለው፣ ይሰጠናል» አለኝ።

«ፈንታሁን ፈረስ አልነበረውም።»

«ኖረው አልኖረው ማን ይጠይቃል ደብሪቱ? ሬሳ የለን። ሰው ምን አይቶ ያልቅስ? ፈረስ እንኳ ይይ እንጂ!»

ልጄ ፈረስ ይፈራ ነበር። ትንሽ ሆኖ በጥምቀት ቀሐ ወንዝ ላይ የባላባት ፈረስ ትከሻውን ነክሶታል። ካደገ በኋላም ፈረስ ሲመጣ ካየ መንገድ ይሻገር ነበር። አሁን የሰው ፈረስ ሜዳ ላይ እያዞሩ እኔ «ፈረስህ መጣ ልጄ» እያልሁ ላለቅስ ነው። በእሱ ስም ውሸት!

«ያለው ማኪናው ናት። ማኪናው ትውጣ» አልሁ።

አያ መርሻ ወደ ጓሮ ተመለከተ። ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደች ትንሽ ማኪና ናት። ፈንታሁን ከአንድ ጋራዥ ጥግ አውጥቶ፣ ከያለበት ብረት ለቅሞ አስነሥቷት ነበር። የሰው ማኪና መንዳት ከጀመረ ወዲህ ግን ጊዜ አጣላት። ክረምቱን ሸራ ለብሳ ዝናብ ስትጠጣ ከረመች። ዶሮዬ ወንበሩ ላይ እንቁላል ትጥላለች።

«እየተገፋች ነው የምትወጣ?» አለ አያ መርሻ። «እንደ አህያ ሬሳ እየተጎተተች? በዘመድ ፊት? እኔ አልገፋም። ከወገኔም የሚገፋ የለም። በገዛ እግሯ ከሄደች፣ ትውጣ። ካልሄደች ፈረሱ ይወጣል፤ አንቺም ያን ጊዜ ዝም ትያለሽ።»

«በገዛ እግሯ ትሄዳለች» አልሁት።

ማኪና እንዴት እንደሚነሣ እንኳ አላውቅም።

ዓርብ

ባሻ ደምሴ መጣ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ጋራዥ የሠራ መካኒክ ነው፤ ፈንታሁንን ሙያ ያስያዘው እሱ ነው። ጥግ ይዞ ጥቂት አለቀሰ፣ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ፣ ከዚያ ወደ ማኪናዋ ሄደ። ቀንበጥ ቆርጦ ቤንዚን ከሚቀዳበት አፍ ውስጥ ነከረና አሸተተው። ተፋ።

«እሜቴ፣ ሞተሩ ደኅና ይመስላል። ሆዷ ነው የበሰበሰ።»

ሆዷ የሚለው ቋቷን ነው፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የብረት ሣጥን። ፈቶ አወረደው። የሙክት ያህል ከባድ ነው። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ፈንታሁን በጨርቅ ወትፎት ነበር። ባሻ ጨርቁን በሽቦ ጎተተው። እንደ በግ አንጀት እየተሳበ ወጣ፤ ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ፣ የሞቱ ተርቦች የተጣበቁበት። እግሬ ሥር ጣለው። ሽታው አፍንጫ አይደለም የሚገባው፣ ጉሮሮ ነው። አፌን በነጠላዬ አፈንሁ።

ከዚያ ስፌቱን አየሁት። የፈንታሁን ሸሚዝ እጅጌ ነው። ነጭ ክር አጥቼ በሰማያዊ ክር ሁለት ጊዜ የዘመዘምሁት የእኔው እጅ ሥራ።

አነሣሁት።

«ይጣሉት እሜቴ፣ ይገማል።»

«ይገማል» አልሁና ያዝሁት።

ባሻ በቋቱ ውስጥ የቀረውን በጎማ ቱቦ ሳበ፤ አፉ ገባና ምራቁን እየደጋገመ ተፋ። የወጣው ነገር ቀይ ነው ቡናማም ነው። ከላይ የቀረው ቤንዚን፣ ከሥር ውሃና ደለል፣ መካከሉ እንደ ንፍጥ የሚጎተት። «ቤንዚን ሲሞት እንዲህ ነው፣ ይጎመዝዛል» አለ። «ሲሞት» ማለቱን ሰማውና ጆሮ ግንዱ ቀላ። ቱቦውን ሲጠቀልል ብዙ ቆየ።

ፊቴ የተነጨበት ቦታ ቤንዚን ነክቶት ያቃጥለኛል።

ቅዳሜ፣ ማርያም

ዛሬ ሥራ የለም። እጄን በአመድ፣ በሳሙና፣ በሎሚ ታጠብሁ። አይለቅም። ጥፍሬ ሥር ጥቁር ገብቷል። ሽሮ ቀመስሁ፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ውሃውም።

በጣም ራበኝ። ልጅ የሞተባት ሴት ይርባታል? ሁለት እንጀራ በላሁ፣ ከነሽታው። ራሴን ተጸየፍሁት።

ሰኞ፣ ጊዮርጊስ

ባሻ በጠጠር ይፈተግ አለ። አሰገደች ከቀሐ ወንዝ አንድ ቅርጫት ጠጠር አመጣች። ጠጠሩን ከአመድ ውሃ ጋር ቋቱ ውስጥ ጨመርን፣ አፉን ወተፍነው። ግን ማን ተሸክሞ ይወዝውዘው? ባሻ ወገቡን ያመዋል። እኔ መላውን አገኘሁ። ዋንዛው ላይ በጠፍር አንጠለጠልነውና እንደ ወተት ቅል እናት ከወዲህ፣ ልጅ ከወዲያ ሆነን ናጥነው።

ጩኸቱ! የድንጋይ ናዳ ይመስላል።

ለቅሶ ደራሽ ሴቶች «ወዬው!» እያሉ በደጅ ገቡ። ዋይታቸው ግማሽ ላይ ቆመ።

«ምነው! ሐዘንተኛ ከመደቧ ተነሥታ?» አለች አንዷ። «ምን ትንጣለች?»

«አበደች በሉኝ እንጂ» አልሁ። መናጤን አልተውሁም።

ጎረቤቴ ጥሩነሽ ጠላ ሻጭ ናት፤ አፏ አያርፍም። ዙሪያውን ዞራ አየችና፣ «ቅቤው ሲወጣ አናት የሚሆን ላኪልኝ» አለች። ሁለት ሴቶች ፈነዱ፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ጥሩነሽ ራሷ ደነገጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አሰገደችን ገፍታ ጠፍሩን ተቀበለቻት። ጥቂት ከናጠች በኋላ በጠጠሩ ምት ልክ ሙሾ አወረደች፦

ቅል የናጠች እናት ቅቤ ታወጣለች፤
የሾፌሩ እናት ዝገት ትንጣለች።

ያን ጊዜ ሁሉም አለቀሱ። ከመርዶው ወዲህ የዛሬው ለቅሶ ብቻ አላስጠላኝም።

አፉን ስንከፍተው የወጣው ግን ልጻፈው አልጻፈው አላውቅም። የደም ተቅማጥ ነው። ቅርፊቱ እንደ ቁስል ሽፋን ተቆራርሶ ይወርዳል። ባሻ እጁን አስገብቶ ዳሰሰ።

«ገና ነው። ውስጡ ይዟል። ጣሊያኖቹ አቼቶ ይጨምሩ ነበር፣ ጎምዛዛ ነገር ዝገት ይበላል።»

«አቼቶ ደግሞ ከየት ይመጣል!» አለች ጥሩነሽ። «አተላ አይሆንም? የእኔ አተላ እንኳን ዝገት የሰው አንጀት ይበላል።»

«ጠላሽንማ እናውቀዋለን» አላት ባሻ።

ከእሷ ቤት በማድጋ አምጥተን እስከ አፉ ሞላነው። አተላና የሞተ ቤንዚን አንድ ላይ። ይህን ሽታ የሚያውቅ ሰው ካለ አዝንለታለሁ።

ማክሰኞ፣ ተክለ ሃይማኖት

አተላው ፈልቶ ውታፉን ተፍቶ አገኘነው። ጓሮው ሁሉ አረፋ ነው። አተላ የምትወድ ላሜ ቀርባ አሸተተችና አንገቷን አዙራ ሄደች። የደፋንበት ሣር ይደርቃል። አሰገደች ሮጣ አጥሩ ሥር አስታወከች። እኔ አላስታወክሁም፤ ለምጄዋለሁ ማለት ነው፣ ይህም ያሳፍራል።

ግን ሸጋ ሆነ! አጥበን አጥበን በመስተዋት ብርሃን ወደ ውስጥ ብናበራ ብረቱ እንደ አዲስ ማረሻ ያብለጨልጫል። እልል ልል ነበር።

ባሻ ቋቱን ወደ ፀሐይ አነሣው። «ይምጡ፣ በአፉ በኩል ይመልከቱ እሜቴ።»

ተመለከትሁ። ጨለማው ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በታችኛው ጠርዝ በኩል ተከታትለው እንደ ወንፊት።

«ምንድን ነው?»

«ቀዳዳ ነዋ። ዝገቱ ነበር የያዘው።»

ባሻ ቀዳዳ የሚበይድበት ቆርቆሮ አዘዞ ዘመዱ ዘንድ አለ፤ ነገ ሄዶ ሐሙስ ይመለሳል። «እስክመጣ አይንኩት» አለኝ።

ረቡዕ

ነካሁት።

ቀኑ ሄደብኝ። አያ መርሻ ጠዋት በአጥር በኩል አንገቱን አስግጎ «እግር አወጣች?» ብሎኝ ሄደ። ንድድ አልሁ። የጠጅ ጋኔ ሲያልብ ሰው አልጠራም። ሰም አቅልጬ ውስጡን አንከባልልበታለሁ፣ ስንጥቁን ይጠጣና ይደፍነዋል። እናቴም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ጠጅ ጠብ ብሎብን አያውቅም። ይህስ ምን ልዩነት አለው? ጋን ነው፣ የብረት ጋን።

ጎጆ ቤት ያለውን ሰም ሁሉ አቀለጥሁ። ቋቱን በእሳት አጠገብ አሞቅሁት፣ ሰሙን ጨመርሁ፣ ከአሰገደች ጋር በየጎኑ አገላበጥነው። የታጠበ ስለሆነ ሽታው ማር ማር አለ። ከዚያ ውሃ ሞላሁበትና ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጥሁት። ጨርቁን ስዳብስ ዋልሁ። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ የለችበትም!

ከመርዶው ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። ለአሰገደች «አያ መርሻ ፈረሱን ይብላው» አልኋት። ሣቀች። ወዲያው ደስታዬ አንገሸገሸኝና ተደፍቼ አለቀስሁ።

ሐሙስ

የፈንታሁን ጓደኞች መጡ፣ አምስት ሾፌሮች። ሌላው ለቅሶ ደራሽ እንጀራ በሌማት ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ቤንዚን በጠርሙስ ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ከሚነዳው ማኪና ጌታ ለምኖ ያገኛትን። በረንዳዬ ላይ ጠርሙሶቹን ደረደሯቸው። እንዲህ ያለ ስጦታ አይቼ አላውቅም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ባሻን መጠበቅ ነበረብን። «ቋቱ ተደፍኗል» አልኋቸው። አመኑኝ። ገጠሙት፣ ቤንዚኑን ጨመሩ፣ አንዱ ከፊት በብረት መዘወሪያ አዞረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ተነሣች! ዶሮዋ ከወንበሩ በረረች። ጭሱ ጓሮውን ሞላው። አሰገደች ትጮኻለች፣ እኔ ደረቴን እመታለሁ።

ማኪናዋ አሳላት። እንደ ሰው አሳላት። ዝም አለች። ደግመው ቢያዞሯት እንቢ። ከሥሯ መንጠብጠብ ጀመረ፤ ነጠብጣቡ ክር ሆነ፣ ክሩ ጅረት። ያ ሁሉ ጠርሙስ አፈር ጠጣው።

ባሻ ከአዘዞ ሲደርስ ቆመን አገኘን። ጣቱን ከቧንቧው አፍ አስገብቶ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ነገር አወጣ። በአውራ ጣቱ አሸው።

«ማን ደፈነው?»

«እኔ።»

«በምን?»

«በሰም።»

ቢጮኽብኝ በወደድሁ። «እሜቴ፣ ቤንዚን ሰም ያቀልጣል። ጠጅ አይደለም» ብቻ አለ። «ይኸው ጉሮሮዋ ድረስ ገብቷል። ሁሉም ይፈታል።»

አንዱ ወጣት ሾፌር፣ «ጧፍ አደረጓት በሉኛ!» አለ። ሣቁ አመለጣቸው። ልጁ ወዲያው ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ፈንታሁን ራሱ ቢኖር ይህንኑ ይል ነበር። ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አስታወክሁ። ማር ማር የሚለውን የትናንቱን ሽታ ሳስታውስ ደግሜ አስታወክሁ።

ዓርብ፣ መድኃኔዓለም

የዓመቱ በዓል ነው። ማንም ብረት አይነካም። ማኪናዋ ተፈታታ ጆንያ ላይ ተዘርግታለች፤ ዝንቦች ሰሙ ላይ ያርፋሉ፣ አይነሡም።

አያ መርሻ ፈረሱን አምጥቶ ጓሮዬ አሰረው። ግራጫ ነው፣ ጥርሱ ቢጫ፣ ትንፋሹ የረጠበ ድርቆሽ ይሸታል። ደርሶ ማኪናዋ ጎማ ላይ ሸና። አረፋው ብረቶቹ ድረስ ፈሰሰ።

«ውሰድልኝ!» አልሁት። «ውሰድልኝ አያ መርሻ፣ አሁኑኑ!»

«ነገ ማታ ጫንሁት በይ» አለ። «በቃሽ ደብሪቱ። ታገልሽ፣ አየንልሽ። ሰውም አየልሽ።»

«ለምን አትተወውም? ይፈራው እንደነበረ ታውቃለህ።»

ልጓሙን በጣቱ ሲጠቀልል ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ እስካሁን አላለቀስሁም» አለ። «አይተሻል? ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዳስ አስተክላለሁ፣ እንጨት አስፈልጣለሁ። ያባቴ ለቅሶ ላይ ፈረስ ይዤ ፎከርሁ፣ አለቀስሁ። የወንድሜ ላይም እንዲሁ። ሌላ አላውቅም። ማኪና ፊት ቆሞ ምን ይባላል? አንቺ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ፈረሱን ፈትቶ ሄደ። ሽንቱን እኔው በአፈር ሸፈንሁት።

ቅዳሜ

ዛሬ ካልሆነ የለም። ጠዋት ቋቱን በፈላ ውሃ ደጋግመን ሰሙን አወጣነው። ሾፌሮቹ ቧንቧውን በሽቦ ጠረጉ፤ ባሻ ካርቡራቶሩን፣ ቤንዚኑን ለሞተሩ የሚያደርሰውን፣ ማንኪያ በማያህሉ ክፍሎች በትኖ በቤንዚን ጨርቅ አንድ በአንድ አጸዳ።

ለመበየድ ቋቱን ውሃ ሞላበት። «ባዶውን እሳት ካስነኩት ቦምብ ነው» አለ፤ «ውስጡ የቀረው ትንፋሽ ይበቃዋል።» ቀዳዳ ያለበትን ጎን ከውሃው በላይ አድርጎ፣ በከሰል በጋለ ብረት ቆርቆሮውን እያቀለጠ አንጠባጠበበት። ብረቱን አስቀድሞ የሚቀባው ነገር ጭሱ ዓይን ያወጣል፣ ምላስ ላይ እንደ መሐለቅ ይቀመጣል። ሁላችንም እንደ በግ እንስላለን።

ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ተዘጉ። ጠርዙ ግን ያልባል። አንዱን ሲዘጋ ሙቀቱ ሌላውን ይከፍተዋል። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ባሻ ብረቱን ጣለውና ተቀመጠ።

«የልብስ ሳሙና አለዎት?»

«እጅ ልትታጠብ ነው?»

«ቤንዚን ሳሙና አያቀልጥም። ፈንታሁንና እኔ ሊማሊሞ ላይ አንድ ጊዜ በሳሙና ደፍነን ደባርቅ ገብተናል።»

ይህን አልነገረኝም ነበር። ልጄ ሊማሊሞ ላይ በሳሙና ሲሄድ እኔ እዚህ ምናልባት ወጥ አማስል ነበር።

ሳሙናውን ፈቀፈቅሁ፣ ከቃጫ ጋር እንደ ሊጥ አሸሁት። ባሻ ከውጭ በኩል ጠርዙ ላይ ጠቀጠቀው፣ በጨርቅ ጠመጠመው። ሾፌሮቹ እንደገና ጠርሙስ ይዘው መጡ። እንደገና! ጨመርን። ተንበርክከን ከሥር ተመለከትን። ብዙ ከቆየን በኋላ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፤ ሳትወድቅ ቀረች።

«ነገን ትይዛለች» አለ ባሻ። «ከነገ ወዲያ አልምልም።»

እሑድ፣ ባለወልድ

ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ሞላ። የደምቢያዎቹ አንድ ወገን፣ የእንፍራንዞቹ አንድ ወገን። አያ መርሻ ፈረሱን ጭኖ፣ ካባ ደርቦ ጥግ ይዟል። እኔን ሴቶች ደግፈውኛል። እጄን ሰባት ጊዜ ብታጠብም ሳሙናና ቤንዚን እሸታለሁ፤ በግራ በኩል የያዘችኝ ሴት አፍንጫዋን ታዞራለች።

የማኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ከአጥሩ ጀርባ ተነሣች፣ አላሳላትም። ባሻ ደምሴ እየነዳት ገባ። የፈንታሁንን ኮት አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አልብሶታል። ፈረሶች ደነበሩ፣ ሰው ተከፈለ። ሙሾ አውራጇ አፏን ከፈተችና ምንም አልወጣት አለ።

የመጀመሪያውን ዙር ማንም አላለቀሰም። ቆመው አዩ። እንደ ሠርግ አዩ። አንዱ ልጁን ትከሻው ላይ አወጣ፣ እንዲያይለት። ምን አደረግሁ? አልሁ። ፈረሱ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ያለቅሱ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ኮቱን አዩት። ማኪናዋ ባዘነበለች ቁጥር ኮቱም ያዘነብላል፣ ሰው እንደተቀመጠ። ከደምቢያ የመጣች የአክስቱ ልጅ «ወንድሜ!» ብላ ጮኸች፣ ወደ ማኪናዋ ሮጠች። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። እውነተኛ ነገር ፊት ቆሜ ጮኽሁ።

ሦስተኛው ዙር እኩሌታ ላይ ማኪናዋ ተንቀጠቀጠች፤ ቆመች።

ለቅሶው ቆመ። ባሻ ወርዶ መዘወሪያውን አዞረ። እንደገና አዞረ። ላቡ ይታየኛል። ከሥር የሚንጠባጠበውን ደግሞ ሁሉም ያያል። ከእንፍራንዞቹ ወገን ሣቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። አያ መርሻን ተመለከትሁት። ሰው ሁሉ ተመለከተው። ፈረሱ ተጭኖ በእጁ ነው።

ልጓሙን አጠገቡ ላለው ሰው ሰጠ። ካባውን አወለቀና ኮርቻው ላይ ጣለው። በሜዳው መካከል ብቻውን ሄዶ ከማኪናዋ ኋላ ቆመ፣ ትከሻውን ሰጣት። አልተነቃነቀችለትም። ያን ጊዜ ከሆዱ የወጣ ድምፅ ሰማሁ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም።

«እኔ የፈንታሁን አጎት!» አለ። «ማነህ የእኔ ወገን! ልጄን ብቻዬን ላስገባው ነው ወይ? ና ግፋ!»

እያለቀሰ ነው። እየፎከረም ነው። ሰዎቹ ጋቢያቸውን እየጣሉ ሮጡ። የሣቁትም ሮጡ። ማኪናዋ በሰው ትከሻ ዞረች፣ ዙሩን ጨረሰች።

ምግብ ሲቀርብ አያ መርሻ ሳይበላ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ነጭ ልብሱ በጥላሸትና በሳሙና ተለቅልቋል። መዳፉን አሸተተ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ልጁ እንዲህ ነበር የሚሸተው፣ አይደል?» አለኝ።

«እንዲህ ነበር።»

እንደገና አሸተተው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 30

ዘመድ ሄደ። ሜዳው አጥንትና ዝንብ ነው። ውሾች ዳሱ ሥር ይጣላሉ። ማኪናዋ ጓሮ ተመልሳለች፤ ሳሙናው ዛሬ ጠዋት ተልጦ ወደቀ፣ ያለው ቤንዚን ፈሶ አለቀ። ባሻ አዲስ ቋት ይበጃል፣ ቆርቆሮ ከተገኘ ይላል። አሰገደች መንዳት እማራለሁ ትላለች። ምን እንደምላት አላውቅም። ሽታው አሁንም ያስጠላኛል፤ ጠዋት ግን ሄጄ አጠገቧ ቆምሁ።

አርባው ወጣ። ሥራ አጣሁ። ከእንግዲህ እጄ ምን ይዞ እንደሚውል እሱን ነው የምፈራው።

ይህን ጽሑፍ የምታነብ ሆይ፣ ማን እንደምትሆን አላውቅም። የልጄ መቃብር ቆላ ነው። ዘመድ አይደርስበትም፣ በሰንበት የሚሳለመው የለም። ፈንታሁን ብለህ አትጥራው፣ ይህ የመንገድ ስሙ ነው። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ፣ የራስህን ሙታን ስታነሣ፣ ከእነሱ ጋር አንድ ጊዜ ስሙን አንሣልኝ። ንዳዱን ያብርድለት፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ያሳርፈው በልልኝ። ማንበብ የማይችል ካለ አንብበህ ንገረው፤ እሱም ይበልልኝ።